«ርካሹን ግዛ፣ ቶነሩ ይደርሳል» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ስለ ከለር ሌዘር ፕሪንተር አመራረጥ የተጻፈ አንድ ምክር ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ሁሉም ያው ስለሆነ ከሁሉ ርካሹን ይግዙ፤ አሜሪካ ዘመድ ካለዎት ከዚያ ያስመጡ፤ ሳጥኑ ላይ «በወር 40,000 ገጽ» የሚል ከሆነ ለማንኛውም ቢሮ ይበቃል፤ ዲፒአይው (በአንድ ኢንች የሚያትመው የነጥብ ብዛት) ከፍ ያለውን ይምረጡ፤ መብራት ስለሚቆራረጥ ዩፒኤስ ላይ ይሰኩት፤ ቶነሩ (የዱቄት ቀለሙ) ሲያልቅ ሪፊል ያስደርጉ፤ በጥቁር ብቻ ካተሙ ከለሩ አይነካም፤ ለቤትም ከኢንክጄት ይልቅ ሌዘር ሁልጊዜ ይበልጣል፤ ሱቅ ውስጥ በርቶ ካዩት ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

በአንድ ነገር እንስማማለን። ሰው ፕሪንተር ሲገዛ ያለ ልክ ይጨነቃል። የሚጨነቀው ግን በማሽኑ ነው፤ መጨነቅ የነበረበት በቶነሩ ነው። ማሽኑ አንዴ ይገዛል፣ ቶነሩ ዕድሜ ልኩን። መጀመሪያ እዚህ አገር ሁልጊዜ የሚገኘውን ቶነር መርጦ ከዚያ እሱን የሚቀበለውን ማሽን መፈለግ ሲገባ፣ ምክሩ ነገሩን ገልብጦታል።

«ሁሉም ያው ነው» ከሚለው እንጀምር። ከትንንሾቹ ከለር ሌዘሮች አንዱን፣ ኤችፒ ከለር ሌዘር 150ኤንደብሊውን እንውሰድ። በጥቁር በደቂቃ 18 ገጽ ያትማል፤ በከለር 4 ብቻ። ውስጡ ያለው ድራም (ምስሉ መጀመሪያ የሚያርፍበት ሲሊንደር) አንድ በመሆኑ ቢጫውን፣ ማጀንታውን (ሮዝ አከሉን ቀይ)፣ ሳያኑን (ሰማያዊውን) እና ጥቁሩን በየተራ ቤልቱ (ቀለሙን ወደ ወረቀት የሚያሻግረው ቀበቶ) ላይ እያሳረፈ ለአንድ ገጽ አራት ዙር ይዞራል። አራት ድራም በተርታ የተደረደሩለት እንደ ብራዘር ኤችኤል-ኤል3270ሲዲደብሊው ያለው ማሽን ደግሞ በጥቁርም በከለርም 24 ገጽ ያወጣል። በቀን አምስት ከለር ገጽ ለሚያትም ሰው ይህ ምንም ማለት አይደለም። ባለ 30 ገጽ የጨረታ ሰነድ በ5 ኮፒ ለሚያዘጋጅ ቢሮ ግን 150ውን ገጽ አንዱ በሰባት ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሰዋል፣ ሌላው ከ37 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ጨረታው 4:00 ሰዓት ላይ ሲዘጋ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የ150ኤንደብሊው ቶነር 117ኤ ይባላል፤ ጥቁሩ 1,000፣ ሦስቱ ከለሮች እያንዳንዳቸው 700 ገጽ ያትማሉ። የብራዘሩ ትልቁ ቶነር ቲኤን-247 ነው፤ ጥቁሩ 3,000፣ ከለሮቹ 2,300። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ቀጥሎ ያለው ብር ለስሌት ያህል የተወሰደ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ ሱቁ የሚነግርዎትን ቁጥር ተክተው ያስሉት። 117ኤ አንዱ 5,000 ብር፣ ቲኤን-247 አንዱ 9,000 ብር ቢሆን፣ በመጀመሪያው ማሽን ለአንድ ከለር ገጽ ጥቁሩ 5 ብር፣ ሦስቱ ከለሮች እያንዳንዳቸው 7 ብር ከ14 ሳንቲም ይፈጃሉ፤ ድምሩ 26 ብር ከ40 ገደማ ነው። በሁለተኛው ጥቁሩ 3 ብር፣ ከለሮቹ 3 ብር ከ91 ሳንቲም ሆነው ድምሩ 14 ብር ከ74 ይመጣል። በወር 300 ከለር ገጽ የሚያትም ሰው በዓመት ወደ 42,000 ብር ልዩነት ይከፍላል። ቶነሩ ሲጠየቅ «ውድ ነው» የተባለው ማሽን በገጽ ሲሰላ ረከሰ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ድራሙን ይጨምሩ። የ150ኤንደብሊው ድራም ለብቻው የሚቀየር ሲሆን በጥቁር 16,000 ገጽ ይባልለታል፤ በከለር አንድ ገጽ አራት ዙር ስለሆነ ወደ 4,000 ይወርዳል። የብራዘሩ ድራም 18,000፣ ቤልቱና የቆሻሻ ቶነር ሳጥኑ 50,000 ገጽ ገደማ ናቸው። ካነን 054 እና ኤችፒ 207 የተባሉት ካርትሪጆች ግን ድራሙን ከቶነሩ ጋር አብረው ይይዛሉ። ቶነር በተቀየረ ቁጥር ድራሙም አዲስ ስለሚሆን ለድራም ተብሎ የሚመደብ ወጪ የለም፤ ዋጋው ካርትሪጁ ውስጥ ተጨምሯል። ብዙ ለሚያትም ቢሮ ድራሙ የተለየው፣ ጥቂት እያተመ ጣጣ ለማይፈልግ ሰው ድራሙ አብሮ ያለው ይመቻል ባይ ነን።

ስለ ገጽ ቁጥሩ አንድ ነገር። አይኤስኦ 19798 በሚባለው መለኪያ የሚወጣው ቁጥር እያንዳንዱ ቀለም የገጹን 5 ከመቶ ገደማ ብቻ እንደሚሸፍን አድርጎ ያሰላል። ዳር ዳሩን ባለቀለም ሐረግ የዞረው፣ ጀርባው ክሬም ቀለም የተቀባ የምስክር ወረቀት ላይ ቢጫው 40 ከመቶ ቢሸፍን፣ 700 ገጽ የተባለው ቢጫ 88 ላይ ያልቃል። ከአዲስ ማሽን ጋር በሳጥኑ የሚመጣው ቶነርም ብዙውን ጊዜ ከሚሸጠው ያነሰ ዱቄት የያዘ መነሻ ቶነር ነው። «አዲስ ገዝቼ በወሩ አለቀብኝ» የሚለው እሮሮ ምንጩ ይኸው ነው እንጂ ሻጩ አታሎ አይደለም፤ ሁልጊዜ ባይሆንም።

ከአሜሪካ ስለማስመጣት የተጻፈው ከሁሉም የከፋው ነው። ላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ሰው ፕሪንተርም እንደዚያ ይመስለዋል። ሌዘር ፕሪንተር አይደለም። ዱቄቱን አቅልጦ ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ፊውዘር ለአንድ ቮልቴጅ የተሠራ ማሞቂያ ነው፤ የአሜሪካው ለ110–127፣ የእኛው ለ220–240። የአሜሪካውን በቀጥታ ግድግዳ ላይ ከሰኩት ፊውዘሩ ወይም የፓወር ቦርዱ ይሄዳል። የሶኬቱን ጫፍ የሚቀይረው አዳፕተር ደግሞ ቮልቱን አይቀንስም፤ ብዙ ማሽን የተቃጠለው በዚህ ስሕተት ነው። ትራንስፎርመር ካስፈለገ ለትንንሽ ዕቃ የሚሸጠው ሳይሆን ቢያንስ ባለ 1,500 ዋት፣ ቢቻል ባለ 2,000 ይሁን።

ቮልቱ ቢፈታ እንኳ ቶነሩ ይቀራል። ኤችፒ ኤም283ኤፍዲደብሊው አሜሪካ ሲሸጥ ቶነሩ 206ኤ ነው፤ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ሲሸጥ 207ኤ። ካርትሪጆቹ ወንድማማች ይመስላሉ፣ ቺፑ ግን በክልል የተለየ ስለሆነ ማሽኑ የሌላውን አገር አይቀበልም። የብራዘሩም እንደዚሁ አሜሪካ ቲኤን-223 እና 227፣ አውሮፓ ቲኤን-243 እና 247 ነው። ስለዚህ ዘመድ ማሽኑን ብቻ ሳይሆን ቶነሩንም ዕድሜ ልክ ሲልክ ሊኖር ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ ያለ ዘመድ ቢያመጣ ቮልቱ ይስማማል፤ የእንግሊዙን ባለ ሦስት ጫፍ ሶኬት መቀየር ብቻ ይቀራል። ያም ሆኖ የቶነሩን ቁጥር ጽፈው መርካቶ ወይም ቦሌ ያሉ ሁለት ሦስት ሱቆች መኖሩን ሳይጠይቁ «አምጣልኝ» አይበሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉታል ይኸንን ነው።

እግረ መንገዳችንን፣ በኤችፒ ሞዴሎች ስም መጨረሻ «ኢ» የምትል ፊደል ካለች ማሽኑ ኤችፒ ፕላስ በሚባለው ስምምነት የሚሠራ ነው፤ ሁልጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ከኤችፒ ቶነር ሌላም አይቀበልም። ኔትወርክ ሲሄድ ሥራ ለማይፈታ ቢሮ እንዲህ ያለውን አንመክርም። ሌሎቹ ፊደሎችም ይጠቅማሉ፦ «ኤን» የኔትወርክ ገመድ፣ «ደብሊው» ዋይፋይ፣ «ዲ» በወረቀቱ ሁለት ፊት በራሱ የሚያትም፣ «ኤፍ» ፋክስ። የወረቀት ዋጋ በዚህ በደረሰበት ጊዜ «ዲ» የሌለውን ለቢሮ መግዛት የሚገባን ነገር አይደለም።

«በወር 40,000 ገጽ» የሚለው ቁጥር ማሽኑ ሳይሰበር በአንድ ወር ሊሸከመው የሚችለው ጣሪያ ነው። እዚያው ዝርዝር ላይ ዝቅ ብሎ የሚመከር የወር መጠን የሚል ሌላ መስመር አለ፤ ለኤም283ኤፍዲደብሊው ከ150 እስከ 2,500 ገጽ ይላል። የሚታየው እሱ ነው። በወር ከአምስት ደስጣ ወረቀት በላይ የሚጨርስ ቢሮ ከዚህ ከፍ ያለ ማሽን ይፈልጋል።

ዲፒአይ ላይ ብዙ አንቆይም። አብዛኞቹ የሚያትሙት በ600 ነው፤ 2400 ወይም 3600 የሚለው በሶፍትዌር የተሻሻለ መሆኑን የሚገልጽ የገበያ ስም ነው። ለእኛ ፊደል ከዲፒአይ ይልቅ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ጥቁር ጽሑፍ ከአራቱም ቀለም ተደባልቆ ሲታተም ቀለሞቹ በጸጉር ያህል ከተዛነፉ የ«ሙ» እና የ«ሚ» ቅጥያ ዳር ዳሩ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያወጣል። ጽሑፉ በንጹሕ ጥቁር ይታተም ዘንድ ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የፕሪንተሩ ፕሮግራም) ውስጥ ጥቁር ጽሑፍን በጥቁር ቶነር ብቻ የሚለውን ያብሩ፣ ከዚያም ከለር ካሊብሬሽን (ማሽኑ ቀለሞቹን በራሱ የሚያስተካክልበትን ሥራ) ያሠሩ። የግዕዝ ፊደል በሳጥን በሳጥን ከወጣ ደግሞ ማሽኑ አልተበላሸም፤ ፎንቱን በራሱ ሊተካ ሞክሮ ነው። ሰነዱን ፒዲኤፍ አድርገው «እንደ ምስል አትም» የሚለውን ይምረጡ።

ምክሩ ጨርሶ ያልነካው፣ እኛ ግን አዲስ አበባ ላይ ማሽን ለሚገዛ ሰው ሳንነግር የማናልፈው ነገር ከፍታው ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃንና ደሴ ከዚያም ይበልጣሉ። ሌዘር ፕሪንተር ዱቄቱን ከድራም ወደ ቤልት፣ ከቤልት ወደ ወረቀት የሚያሻግረው በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። አየሩ ሲሳሳ ይህ ቮልቴጅ ከሚገባው ቀድሞ ብልጭ ብሎ ይዘላል፤ ወረቀቱ ላይ ነጠብጣብ፣ የደበዘዘ ጉራማይሌ፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀለም የተቀባው ቦታ ላይ ነጫጭ ፍንጣሪ ሆኖ ይታያል። ባለቤቱ ቶነሩ ፎርጅድ ነው ብሎ ይቀይራል፣ አይለቅም። መፍትሔው ብዙ ማሽኖች ውስጥ ተደብቆ አለ፤ አልቲትዩድ አጀስትመንት ይባላል። ኪዮሴራ በጥገና ሜኑው ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የ150ኤንደብሊው ቤተሰብና የቀድሞ ሳምሰንግ ማሽኖችም አላቸው፤ ስክሪን ከሌለው ከኮምፒውተር በሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ይገኛል። ከከተማዎ ከፍታ ጋር የሚመጣጠነውን ደረጃ መርጠው ካሊብሬሽን ያሠሩ። ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ያለ ሰው ይህ ብዙም አያሳስበው። ከመግዛትዎ በፊት ግን የሞዴሉን ዝርዝር ላይ እስከ ስንት ሜትር እንደሚሠራ ይመልከቱ።

«ዩፒኤስ ላይ ይሰኩት» የሚለው ሐሳቡ ቅን ነው፣ ውጤቱ ግን የሞተ ዩፒኤስ ነው። ፊውዘሩ ለመሞቅ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከ1,000 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። ቢሮ ውስጥ የምናየው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ የሚሰጠው ከ400 ዋት በታች ነው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ፕሪንተሩ አንድ ገጽ ሳያወጣ ዩፒኤሱ ይጮኻል፣ ኮምፒውተሩንም ይዞት ይወድቃል። ዩፒኤሱ ለኮምፒውተሩና ለራውተሩ ይሁን። ፕሪንተሩ ባለ 2,000 ቪኤ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ስታብላይዘር በኩል ለብቻው ይሰካ፤ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ከቡና ማሽንና ከውኃ ማሞቂያ ጋር አይጋራ። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ያጥፉት፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚከተለው ከፍ ዝቅ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ሲያትም ከጠፋ ወረቀቱ ፊውዘሩ ውስጥ ስለሚቀር፣ ሙቀቱ እስኪበርድ ጠብቀው የኋላውን በር ከፍተው በሁለት እጅ በእኩል ይሳቡት። ቀድዶ ማውጣት ቁራጩን ሮለሩ ላይ ያስቀርና የሚቀጥለውን ወረቀት ሁሉ ጃም ያደርጋል።

ሪፊል ላይ እንቆይበት፤ ብዙ ገንዘብ የሚድነውም የሚጠፋውም እዚህ ነው። ለጥቁር ብቻ ማሽን ሪፊል ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ አንክድም። ከለር ሲሆን ነገሩ ይለያል። ቶነር ቀለም የተነከረ ዱቄት ብቻ አይደለም፤ ፕላስቲክ፣ ሰም፣ ማቅለሚያና የኤሌክትሪክ ቻርጁን የሚቆጣጠር ንጥረ ነገር ያለበት ነው። የመቅለጫ ሙቀቱም ቻርጁም ለማሽኑ ተለክቶ ነው የሚሠራው። «ለሁሉም የሚሆን» ተብሎ በኪሎ የሚሸጠው ዱቄት ሲሞላ ምልክቶቹ ይታወቃሉ። ገጹን በጣት ሲያሹት ከተነሣ ዱቄቱ ለዚያ ፊውዘር ሙቀት አልቀለጠም። ነጩ የወረቀት ክፍል ላይ ስስ ሮዝ ወይም ግራጫ ጉም ካለ ቻርጁ አልገጠመም። ላይ የታተመው አርማ ዝቅ ብሎ እንደ ጥላ ከተደገመ ደግሞ ዱቄቱ ቶሎ ለስልሶ ፊውዘሩ ላይ እየተጣበቀ ነው፤ ይህ የመጨረሻው ሲደጋገም ፊውዘሩን ይጨርሰዋል።

ድራሙ አብሮ ባለበት ካርትሪጅ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ከድራሙ የተጠረገ ትርፍ ዱቄት የሚጠራቀምበት ክፍል አለው። ሞይው ያንን ሳያራግፍ ላይ ላዩን ከሞላ ሞልቶ ይፈስና ቤልቱን ያቆሽሻል። ድራሙም በየሙሌቱ አብሮ አይታደስም። ገጹ ላይ አንድ ነጥብ በተመሳሳይ ርቀት ከተደጋገመ በማስመሪያ ይለኩት፤ 24 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ድራም በየ75 ሚሊሜትር ገደማ፣ 30 ሚሊሜትር የሆነው በየ94 ሚሊሜትር ይደግመዋል። ርቀቱ ከዚህ ከገጠመ የተጫረው ድራሙ ነው፣ ዱቄት መለወጥ አይፈውሰውም።

ቺፑም አለ። ኤችፒ ዳይናሚክ ሴኪዩሪቲ የሚለው አሠራር በፈርምዌር (በማሽኑ የውስጥ ሶፍትዌር) ማሻሻያ አማካይነት የኤችፒ ያልሆነ ቺፕ ያለውን ካርትሪጅ ይዘጋል፤ ትናንት የሠራ ቶነር ዛሬ ጠዋት ላይሠራ የሚችለው ለዚህ ነው። ተተኪ ቶነር ለመጠቀም ያሰበ ሰው ማሽኑን ከኢንተርኔት ጋር ከማገናኘቱ በፊት በራሱ የሚሻሻልበትን ቅንብር ይዝጋ። እኛ የምንመክረው እንዲህ ነው፦ ጥቁሩን ከሞሉ በዚያ ሞዴል ስም የተዘጋጀ ዱቄት ብቻ፣ የቆየው ተራግፎ፤ ሦስቱን ከለሮች ግን ወይ ኦርጅናል ወይ ዋስትና የሚሰጥበት ሙሉ ተተኪ ካርትሪጅ። ዱቄት ከፈሰሰ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ልብስ ላይ ከሆነ በቀዝቃዛ ውኃ፤ ሙቅ ውኃ ያጣብቀዋል። የቤት ቫኪዩም ክሊነር ደግሞ ደቃቁን ዱቄት በጀርባው መልሶ ክፍሉ ውስጥ ይነፋዋል።

«በጥቁር ካተሙ ከለሩ አይነካም» የሚለው ስሕተት ነው። ማሽኑ ሲበራና በየተወሰነ ገጹ ካሊብሬሽን ያደርጋል፣ በዚህም ከአራቱም ቀለም ጥቂት ይፈጃል። ስለዚህ መብራት ካልሄደ በቀር በየሰዓቱ ማጥፋትና ማብራት ቁጠባ ሳይሆን ብክነት ነው፤ ይተኛ። ስካን የተደረገ ጥቁር ሰነድም ለማሽኑ ምስል ስለሆነ፣ ግሬስኬል (በጥቁርና በግራጫ ብቻ የሚለውን) ካልመረጡ ጥቁሩን ከአራቱ ቀለም ሊደባልቀው ይችላል። አንዳንድ ማሽን አንድ ከለር ሲያልቅበት ጥቁሩንም አላትምም ይላል። ይህን ከመግዛት በፊት መጠየቅ ነው። ቢጫው የት እንደሚሄድ ለሚገርመው፦ ብዙ ከለር ሌዘሮች ከለር ገጽ ላይ በዓይን የማይታዩ ቢጫ ነጥቦች ይበትናሉ፤ በ2005 ኢኤፍኤፍ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የአንዱን የዜሮክስ ሞዴል ነጥቦች ፈትቶ የማሽኑን መለያ ቁጥርና የታተመበትን ሰዓት አንብቧል። የሚፈጀው ቀለም ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ለቤት ሌዘር ይሻላል ያሉት ግማሹ ትክክል ነው። ለሁለት ወር ሳይነካ የቆየ ኢንክጄት አፉ ይደርቃል፤ የቶነር ዱቄት አይደርቅም። የልጆች የቤት ሥራ አልፎ አልፎ ለሚያትም ቤተሰብ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በየቀኑ የሚያትም፣ ፎቶም የሚፈልግ ቤት ግን ባለ ታንክ ኢንክጄት ይዋጣለታል፤ የኤፕሰን ኤል3250 ጠርሙሶች በጥቁር ወደ 4,500፣ በከለር ወደ 7,500 ገጽ ያትማሉ። ጉርድ ፎቶን በሌዘር ለማተም የሚሞክር ደግሞ የኢንክጄት ፎቶ ወረቀት እንዳይጠቀም፤ ሽፋኑ ፊውዘሩ ላይ ይቀልጥና ይጠቀለላል። ሌዘር ይሠራል የሚል ካልተጻፈበት አንጸባራቂ ወረቀት አይግባ። በክረምት ከተከፈተ ደስጣ የቀረውን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ እርጥበት የጠጣ ወረቀት ፊውዘሩን ሲያልፍ ይጠማዘዝና ጃም ያደርጋል።

«በርቶ ካዩት በቃ» ላሉት፣ በተለይ ያገለገለ ሲሆን፣ ማሽኑ መብራቱ ብቻ ምንም አይነግርዎትም። የኮንፊግሬሽን ገጹን (ማሽኑ ስለ ራሱ ሁኔታ የሚያትመውን መግለጫ) ያሳትሙና ጠቅላላ የገጽ ቁጥሩን፣ የፊውዘሩንና የቤልቱን ቀሪ ዕድሜ ያንብቡ። በፍላሽ አራት ገጽ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱ ሙሉ ቢጫ፣ አንዱ ሙሉ ማጀንታ፣ አንዱ ሙሉ ሳያን፣ አንዱ ሙሉ ጥቁር። እነዚያ ላይ መስመር፣ የተደጋገመ ነጥብ ወይም ዳሩ የደበዘዘ ካለ ይታያል። ከዚያ አሥር ገጽ በሁለት ፊት በተከታታይ ያሳትሙ፤ የትሬይ ሮለር ያለቀ ማሽን ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ይንሸራተታል። በመጨረሻም አንዱን ገጽ ትኩሱን በአውራ ጣት ጥፍር ይፋቁት። ዱቄቱ ከተነሣ ዋጋውን ከመከራከርዎ በፊት ፊውዘሩ ስንት እንደሚሸጥ ይጠይቁ።